ከስድቡ ይልቅ ለስላሳው አባባል

«የሴት ፀጉሯ ረጅም፣ አእምሮዋ አጭር» ይላሉ ሩሲያውያን። ኡዝቤኮችም ይህንኑ ይሉታል። ሩሲያውያን «ዶሮ ወፍ አይደለችም፣ ሴትም ሰው አይደለችም» የሚልም አላቸው። ስለ ምሳሌያዊ አነጋገርና ሴቶች ሲወራ እነዚህ ይጠቀሳሉ፣ ሁሉም ይናደዳል፣ ወሬውም እዚያው ያበቃል። እኔን ግን ስድቡ ያን ያህል አያሳስበኝም፤ ስድብ መሆኑን ማንም ያውቀዋል።

የሚያሳስበኝ ደርባባው ነው። ኡዝቤኮች «የባልና ሚስት ጠብ ሻሽ እስኪደርቅ ነው» ይላሉ። ሻሹ እንደ ፋሻ የሳሳ ጨርቅ ነው፤ በኡዝቤኪስታን ዋና ከተማ በታሽከንት የበጋ ፀሐይ ገመድ ላይ ጣል ካደረጉት የቀረውን ልብስ አጥበው ሳይጨርሱ ይደርቃል። ግሩም አባባል ነው። ግን የሚነገረው ለማን ነው? ለጎረቤት፣ ለወላጅ፣ ለሰፈር ሽማግሌ፦ አትግቡ፣ አሁን ይበርዳል። ፊቷ አብጦ ለመጣችም የሚነገራት ያው ነው። ሩሲያውያንም «የሚዋደዱ ቢነታረኩ ለጨዋታ ነው» ይላሉ፣ «የቤትህን ጥራጊ ደጅ አታውጣ» ብለውም ይጨምሩበታል። ገበና ሸፍኑ እየተባልን ላደግነው ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም።

ወንዱስ? ኡዝቤኮች «ወንድን ወንድ የምታደርገውም፣ ጥቁር አፈር የምታደርገውም ሚስት ናት» ይላሉ። ምስጋና ይመስላል፤ እሱ ሲሰክር ግን ተጠያቂዋ ማን እንደምትሆን ገምቱ። የሩሲያውያኑ «ባል ራስ፣ ሚስት አንገት»ም ከዚሁ አይርቅም። ከሁሉም የምወደው የኡዝቤኮቹን «ባልና ሚስት ጥማድ በሬ ናቸው» ነው። ቢያንስ ቀንበሩ የሁለቱም ነው።

«ባህላቸው ነው፣ ምን ይደረግ» ለሚሉ አንድ ነገር ላስታውስ። ሩሲያ በ2017 እ.ኤ.አ. ቤተሰብን መደብደብ፣ ከባድ ጉዳት ካላደረሰና የመጀመሪያ ከሆነ፣ ከወንጀል ሕጓ አወጣችው፤ ደብዳቢው 5,000 ሩብል ተቀጥቶ ሊወጣ ይችላል። ኡዝቤኪስታን ደግሞ በ2023 እ.ኤ.አ. የቤት ውስጥ ጥቃትን ራሱን የቻለ ወንጀል አደረገችው። ተመሳሳይ አባባል ያላቸው አገሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ሄዱ ማለት ነው፤ ውሳኔው የሕግ አውጪዎቹ እንጂ የአያቶቻቸው አልነበረም።

ያም ሆኖ የኡዝቤኪስታን ሕግ ገና ብዙ ይቀረዋል። «ማሃላ» የሚባለው የሰፈር ኮሚቴ ባልና ሚስትን ማስታረቅ የቆየ ሥራው ነው፣ የሻሹ አባባልም የሚኖረው እዚያ ነው። ደብዳቢው ተጎጂዋን እንዳይቀርባት የሚያግደውን የጥበቃ ትእዛዝ የሚሰጠው ፖሊስ ስለሆነ፣ ተደብድባ የመጣችን ሴት ኮሚቴው ቅድሚያ ወደዚያ ሊልካት ይገባል፤ እርቁ፣ እሷ ከፈለገችው፣ በኋላ ይደርሳል።