የጠፋ ፊልም በወሬ አይገኝም

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2013 መጀመሪያ ላይ አንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ «ዶክተር ሁ» የተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ከመቶ በላይ የጠፉ ክፍሎች ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኙ ብሎ ጻፈ። ቀናት ሳይቆዩ ቢቢሲ ራሱ መግለጫ ሰጠ። የተገኙት ዘጠኝ ክፍሎች ነበሩ፤ ቦታውም ኢትዮጵያ ሳይሆን ናይጄሪያ፣ ጆስ ከተማ ነው። «የቀሩትም ተገኝተው የሆነ ቦታ ተደብቀዋል» የሚለው ክርክር ግን ከዚያ ወዲህም በድራማው ወዳጆች መካከል አልበረደም። ይህ ክርክር ጉልበት ከማባከንም አልፎ ፍለጋውን ይጎዳል ባይ ነኝ።

ዶክተር ሁ ቢቢሲ በኖቬምበር 1963 የጀመረው የሳይንስ ልቦለድ ተከታታይ ድራማ ነው። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት 253 ክፍሎች ተላልፈዋል፤ ከጆሱ ግኝት በኋላ እንኳ 97ቱ የሉም ነበር። ያጠፋቸው ራሱ ቢቢሲ ነው። ድራማው የሚቀረጽበት ባለ ሁለት ኢንች ቴፕ በጣም ውድ ስለነበር እየተደመሰሰ ሌላ ፕሮግራም ይቀዳበታል። ከተዋንያን ማኅበር ጋር የነበረው ስምምነትም ድጋሚ ማስተላለፍን ገድቦ ነበር። የቀለም ቴሌቪዥን ሲመጣ ደግሞ ጥቁርና ነጩን የሚፈልገው ጠፋ።

ከመደምሰሱ በፊት ግን ለውጭ ሽያጭ ሲባል ቅጂ ይወጣለት ነበር። የፊልም ካሜራ ከቴሌቪዥን ስክሪን ፊት ተተክሎ ሥርጭቱን በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ይቀዳል። የ25 ደቂቃ ክፍል 285 ሜትር ገደማ ፊልም ይወስዳል፣ አንድ ክብ ቆርቆሮ ውስጥም ይገባል። ዛሬ የምናያቸው የዚያ ዘመን ክፍሎች በአብዛኛው የእነዚህ ቆርቆሮዎች ውጤት ናቸው። ቅጂው ወደ አንድ አገር ጣቢያ ይላካል። እዚያ ከታየ በኋላ ወይ ለሚቀጥለው ገዢ አገር ይተላለፋል፣ ወይ ለንደን ይመለሳል፣ ወይ እዚያው እንዲወገድ ይደረጋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቆርቆሮ የጉዞ መስመር አለው። ኢትዮጵያም የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ታሪኮች ከገዙ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ትገኛለች፤ የ2013ቱ ወሬ አመኔታ ያገኘው አንድም በዚህ ነው። ነገር ግን አንድ አገር ገዝቷል ማለት ቅጂው እዚያ ቀርቷል ማለት አይደለም። መጠየቅ ያለበት ከዚያ በኋላ ወዴት ተላከ የሚለው ነው።

ውጤት ያመጣው ይህን መስመር በሰነድ መከተል ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ከናይጄሪያ ስድስት ክፍሎች፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ከሆንግ ኮንግ የአንድ ሙሉ ታሪክ አራት ክፍሎች የተገኙት ከገዢ ጣቢያዎች ነው። በጣም የሚያስደንቀኝ ግን የአውስትራሊያው ነው። ሳንሱሩ ለልጆች ያስፈራሉ ያላቸውን ቁርጥራጮች ቆርጦ አስቀርቶ ነበር፤ በ1996 አንድ ወዳጅ የሳንሱር ፋይሎቹን ተከትሎ ቁርጥራጮቹን ከመንግሥት ማኅደር አወጣቸው። ሙሉ ክፍሉ ጠፍቶ የተከለከሉት ጥቂት ሰከንዶች ብቻ ተርፈዋል። በርግጥ በአጋጣሚ የተገኘም አለ፦ በ1983 ለንደን ውስጥ ከአንድ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ሁለት ክፍሎች ወጥተዋል።

ወዳጆቹ በእጃቸው የሠሩት ሥራ ከወሬው ሁሉ ይበልጣል። የእያንዳንዱ የጠፋ ክፍል ድምፅ ዛሬ አለ፤ በ1960ዎቹ ወጣቶች ቤታቸው ሆነው በቴፕ ሪከርደር ቀድተውታልና። ማይክራፎን ከስፒከሩ ፊት ያስቀመጠ ሰው የቤቱን ሳልና የበር ድምፅ አብሮ ቀዳ። ሽቦ በቀጥታ ከቴሌቪዥኑ የድምፅ መስመር ጋር ያገናኘው ግን ጥርት ያለ ቅጂ አስቀረልን። ሥራው አደገኛም ነበር፤ የዚያ ዘመን ቴሌቪዥኖች ውስጣቸው ያለው ብረት ብዙ ጊዜ ከመብራት መስመሩ ጋር በቀጥታ የተገናኘ ነው። ጆን ኩራ የሚባል ፎቶ አንሺ ደግሞ ሥርጭቱን ከስክሪን ላይ፣ ለአንድ ክፍል ስድሳ ሰባ ያህል ፎቶ እያነሳ ይሸጥ ነበር። በ2006 የጀመረው የጠፉ ክፍሎችን በአኒሜሽን የመመለስ ሥራ በድምፆቹ ላይ የቆመ ነው፤ ፎቶዎቹም ትዕይንቱ ምን ይመስል እንደነበር ያሳያሉ።

ወሬ ምን እንደሚያስከትል ለማየት ወደ ጆስ እንመለስ። ፊልሞቹን ያገኘው ፊሊፕ ሞሪስ እንደተናገረው፣ «የፍርሃት ድር» የተባለው ታሪክ ሦስተኛ ክፍል መጀመሪያ ሲቆጥር መደርደሪያው ላይ ነበር። ፊልሞቹ ተልከው ሲደርሱ ግን ያ ቆርቆሮ የለም። አንድ ቆርቆሮ ዋጋ እንዳለው ከታወቀ የመጋዘን በር ብዙ አያስጥለውም። እና «እገሌ አገር አለ» ብሎ በአደባባይ የሚጽፍ ሰው ለሌባ አድራሻ እየሰጠ መሆኑን ይወቅ።

ሌላው ጠላት ሙቀት ነው። የ16 ሚሊ ሜትር ፊልም አብዛኛውን ጊዜ አሲቴት ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ በሙቀትና በእርጥበት ሲበላሽ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። የሚወጣው አሲድ ጉዳቱን ያፋጥነዋል፣ አጠገቡ ወዳሉትም ይዛመታል። ፊልሙ እየተሸበሸበ ያጥራል፣ ቀዳዳዎቹም ከፕሮጀክተሩ ጥርስ ጋር አይገጥሙም። ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚመኘው ማጫወት ነው፤ የመጨረሻው ቅጂ የሚቀደደውም እዚያ ላይ ነው። ማድረግ ያለበት የቆርቆሮውን ጽሑፍ ሳይነካ ፎቶ ማንሳት፣ ከዚያ ጓንት አድርጎ የፊልሙን መጀመሪያ አንድ ሁለት ሜትር በእጅ እየፈታ ከሥሩ በበራ መብራት ማየት ነው። ቆርቆሮና ክዳን ስለሚቀያየሩ የላዩ ጽሑፍ ብቻውን አይታመንም። የጉዳቱን መጠን ለማወቅ አሲድ የሚለይ ሰማያዊ ወረቀት ቆርቆሮው ውስጥ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆያል፤ ወደ አረንጓዴ ከዚያም ወደ ቢጫ በሄደ ቁጥር ጉዳቱ ከፍቷል። የሚሸተው ከደህናው ይለይ፤ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ይግባ። ዲጂታል ቅጂ ሲወጣለትም ፊልሙን በጥርስ በማይጎትት ስካነር ይሁን።

የአፍሪካ ጣቢያዎች መጋዘን ውስጥ ከእንግሊዙ ድራማ ጎን የተቀመጠው የአገሬው ዜና ነው፤ ያኔ ዜናም የሚቀረጸው በዚሁ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ነበርና። የዜናው ፊልም ብዙ ጊዜ ቅጂ የለውም፤ የድራማው ግን ሌላ አገር ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ወዳጆቹ ገንዘብ ሲያዋጡ አንድ ቆርቆሮ ለማስወጣት ብቻ አይሁን። ጠቅላላ መደርደሪያው እንዲመዘገብ፣ የሚሸተው እንዲለይና ስካነሩም እዚያው ጣቢያው ዘንድ እንዲቀር ያዋጡ። እንዲህ ከተደረገ የማኅደር ሠራተኛው ራሱ እያንዳንዱን ቆርቆሮ ይከፍታል፤ የጠፋው ክፍል ካለም በእሱ እጅ ይወጣል።