የቢቢሲን ወንበር ማን ይያዘው?

የቢቢሲ ዋና ዳይሬክተር ድርጅቱንም ያስተዳድራል፣ ዋና አዘጋጅም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በአማርኛ የሚወጣው ዘገባ ሳይቀር በመጨረሻ በእሱ ኃላፊነት ሥር ነው። ቦታው የሚገባው ለጋዜጠኛ ነው ወይስ ለሥራ አስኪያጅ? አንድ አንጋፋ ጋዜጠኛና አንዲት የአስተዳደር ባለሙያ እዚህ ይሟገታሉ።

ጋዜጠኛው፦ ዜና ሠርቶ የማያውቅ ሰው የዜና ቤት አይመራም። ቲም ዴቪ ከፕሮክተር ኤንድ ጋምብልና ከፔፕሲ የመጣ የማርኬቲንግ ሰው ነው። በ2020 ወንበሩን ያዘ። ከዚያስ? የቢቢሲው የምርመራ ፕሮግራም ፓኖራማ የትራምፕን ንግግር ሲቆርጥ ከ50 ደቂቃ በላይ ተራርቀው የተነገሩ ሁለት ቦታዎችን አንድ አድርጎ ገጠማቸው። በኖቬምበር 2025 ዴቪ መልቀቂያ አስገባ። ኤዲቲንግ ክፍል ያደገ ሰው እኮ እንዲህ ያለ ቅጥያ ወዲያው ይሸተዋል!

ባለሙያዋ፦ ጋሼ፣ አብራው በዚያው ቀን የለቀቀችው የዜና ኃላፊስ? ዕድሜዋን በጋዜጠኝነት ያሳለፈች ናት። ለምን አልሸተታትም? ጆርጅ ኤንትዊስልንም አይርሱ። በ1989 ሠልጣኝ ሆኖ ገባ፣ የማታውን የዜና ትንታኔ ፕሮግራም ኒውስናይትን እስከ ማዘጋጀት ደረሰ። በ2012 ወንበሩ ላይ የቆየው 54 ቀን ብቻ ነው። ኒውስናይት ሰው ያለ ጥፋቱ ሲያስወነጅል አለቃው አልሰማም። ስህተቱን ያጋለጠውን ጋዜጣም አላየሁም አለ፤ ያውም በገዛ ጣቢያው ሬዲዮ ቀርቦ። ማታውኑ ለቀቀ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ጋዜጠኝነቱን የሚመራው የምክትል ዋና ዳይሬክተር ቦታ ታጥፎ ነበር። ወሬውን ወደ ላይ የሚያደርስ ሰው አልነበረማ።

ጋዜጠኛው፦ ማን አጠፈው ልጄ? ቁጠባ ቁጠባ የምትሉት እናንተ! በ1990ዎቹም ክፍሎቹ አንዱ ለሌላው አገልግሎት እንዲከፍል አድርጋችሁ እርስ በርስ አገበያያችኋቸው። ከራስ ቤተ መጻሕፍት ሙዚቃ ከመዋስ ሱቅ ወጥቶ ሲዲ መግዛት ይረክስ ነበር እየተባለ ተሳቀባችሁ።

ባለሙያዋ፦ ሲዲው ላይ ይርቱኝ። የምክትሉ ቦታ የታጠፈው ግን በማርክ ቶምፕሰን ጊዜ ነው፤ የማታ 3 ሰዓት ዜናና የፓኖራማ አዘጋጅ የነበረው ሰውዬ። የእናንተው ሰው! እኔ የምለው ቦታው ይመለስ ነው። እሱን ጋዜጠኛ ይያዘው፣ አልከራከርም።

ጋዜጠኛው፦ ፓርላማ ሲጠራው ግን ዋናው «ምክትሌን ጠይቁ» ሊል ነው?