ከዲግሪ በፊት የተሠራ ሥራስ አይቆጠርም?

«የሥራ ልምድ፦ ከዲግሪ በኋላ 2 ዓመት፣ አግባብነት ያለው።» ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የሥራ ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው ይህችን መስመር በደንብ ያውቃታል። ገና ለተመረቀ ወጣት ታበሳጫለች። አርባ ዓመት አልፎት፣ በርቀት ተምሮ ሙያ ለመቀየር ለተነሳ ሰው ግን በር የምትዘጋ መስመር ናት። ሃያ ዓመት የሠራኸው ሁሉ አይቆጠርም፣ ከዜሮ ጀምር ማለት ነውና።

ትልልቅ ሰዎች ደብተር ሲይዙ «በርቱ፣ ለትምህርት ዕድሜ አይገድበውም» እንላለን። ሲመረቁ ግን ልምዳቸውን እንሰርዘዋለን። ይህ ትክክል አይደለም፤ መስተካከልም ይችላል።

እዚህ አካባቢ በጎልማሳነት ሙያ መቀየር ቅንጦት አይደለም። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ሲመረቅ ብዙ ቤተሰብ ተስፋ አድርጎ ነበር። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ሁለቱም ከተሞች ተያዙ፤ እስከ ኅዳር መጨረሻም ቆዩ። ፋብሪካው፣ መሥሪያ ቤቱ፣ ሱቁ ተዘረፈ። ከተሞቹ ነፃ በወጡ በወሩ ገደማ ደግሞ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ታገደች፤ ልብስ ሰፍቶ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ መላክ ቀረ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሙያ መፈለግ የጀመረው ሰው ብዙ ነው። ሥራው ሰልችቶት አይደለም፤ እንጀራው ስለተነካ ነው።

አንዲት የማውቃት ሴት ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የፈረቃ ኃላፊ ናት። የሁለት ልጆች እናት ናት። አካውንቲንግ በርቀት ትማራለች። ቲውቶሪያሉ፣ ማለትም ከመምህር ጋር ፊት ለፊት የሚደረገው ትምህርት፣ ቅዳሜ ደሴ ነው፤ ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ፣ ፊቷን ተጣጥባ፣ ጋቢዋን ደርባ ሚኒባስ ላይ ትወጣለች። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ ነው። የኮምቦልቻን ሙቀት የለመደ ሰው የደሴ ጠዋት ምን እንደሚመስል ያውቀዋል።

ሞጁሏን አይቼዋለሁ። ፎቶኮፒ ነው፣ እንግሊዝኛ ነው፣ ጠርዙ በሙሉ በእርሳስ ተጽፎበታል። «ዲፕሪሲየሽን» ከሚለው ርዕስ ጎን «የእርጅና ቅናሽ» ብላለች። ከሥሩ የምትሠራበትን ማሽን ቁጥር ጽፋ፣ በየስንት ጊዜው መለዋወጫ እንደሚበላና መቼ ምርቱ መቀነስ እንደጀመረ አስፍራለች። መጽሐፉ በምሳሌ ሊያስረዳት የሚደክመውን ነገር እሷ ዓመታት አብራው ኖራለች። ከመጋዘን ዕቃ ስታወጣ ስትፈርም፣ የጎደለውን ስትጠይቅ፣ የሠራተኛ ሰዓት ስትቆጥር ነው የኖረችው። የወጪ ሒሳብ ምን እንደሆነ ከገና ተመራቂ የበለጠ ገብቷታል። ማስታወቂያው ላይ ግን ልምዷ ዜሮ ነው።

«የርቀት ዲግሪ ነው፣ ምን ዋጋ አለው?» የሚል ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ይህ መጥፎ ስም ከሜዳ አልመጣም። በ2002 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ መንግሥት የርቀት ትምህርትን በጠቅላላ አግዶ ነበር፤ ከወራት በኋላ ነው እገዳው የተነሳው። ዛሬም ቢሆን አሳይመንት በገንዘብ የሚሠራ ሰው ከፎቶኮፒ ቤት ብዙ ሳይርቅ ይገኛል። ይህንን የሚያደርግ ተማሪ የሚሰርቀው ሌሊት እንቅልፉን አጥቶ የሚያነበውን ጓደኛውን ነው። በጣም ያናድደኛል።

ነገር ግን አሁን መለኪያ አለን። ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና በአገር አቀፍ ደረጃ በሐምሌ 2015 ተጀምሯል። በመደበኛም፣ በማታም፣ በርቀትም የተማረው ያንኑ ፈተና ይወስዳል። ማለፊያው 50 በመቶ ነው። በመጀመሪያው ዙር ያለፈው 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር፤ ከግል ተቋማት ተፈታኞች ደግሞ 17 በመቶ ገደማ። እንዲህ ያለውን ወንፊት ያለፈች የአርባ ስድስት ዓመት ሴት «በርቀት ነው የተማረችው» ተብላ ስትናቅ ምክንያቱ ምንድን ነው? ፈተናውን አምነን ነው የጀመርነው። ውጤቱንም እንመን።

የማለፉ ቁጥር ማነስ ኮሌጆቹንም ይመለከታል። ክፍያ ተቀብሎ ሞጁል አድሎ መሸኘት ማስተማር አይደለም። ፈተናው በኮምፒውተር ነው የሚሰጠው፤ ማውዝ ጨብጦ የማያውቅ ጎልማሳ ደግሞ ብዙ ነው። ከፈተናው በፊት ኮምፒውተር ላይ ማለማመድ ለአንድ ኮሌጅ ከባድ ወጪ አይሆንም። ለመመዝገብ ያሰባችሁ ሰዎችም ከመክፈላችሁ በፊት ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የተሰጠውን ፈቃድ አሳዩን በሉ። ፈቃዱ ለዚያ የትምህርት ዘርፍና ለዚያ ማዕከል መሆኑን አንብቡ። አዲስ አበባ ያለው ዋና ግቢ ፈቃድ ስላለው ብቻ ደሴ ያለውም አለው ማለት አይደለም።

ሁሉም ሰው ዲግሪ ያስፈልገዋል አልልም። ኤሌክትሪክ ወይም ብየዳ ለሚፈልግ የቴክኒክና ሙያ መንገድ ያጥራል። እዚያ ደግሞ የምወደው አሠራር አለ፤ ሙያውን በሥራ ላይ የተማረ ሰው ክፍል ሳይገባ ለምዘና ቀርቦ ሲኦሲ፣ ማለትም የሙያ ብቃት ማረጋገጫ፣ መውሰድ ይችላል። የት ተማርክ ሳይሆን ምን ትችላለህ ነው የሚባለው። ሐሳቡ አገራችን ውስጥ አለ ማለት ነው። ቅጥር ላይ ሲደርስ የት እንደሚጠፋ ነው የማይገባኝ።

የዚያች የፈረቃ ኃላፊ ዕድሜስ? የሚለኝ አይጠፋም። የጡረታ መውጫ 60 ነው። በ46 ዓመቷ የምትመረቅ ሴት 14 ዓመት ትሠራለች። ዛሬ የሚቀጠር ወጣት እዚያው ቦታ 14 ዓመት ይቆያል ብሎ የሚወራረድ አሠሪ ደሴ ውስጥ አለ? ወጣቱ ቢሄድ አልፈርድበትም፤ መንገዱ ነው። እሷ ግን ቤቷ እዚህ ነው፣ ልጆቿ እዚህ ይማራሉ።

ደግሞ ትልቅ ሰው አይማርም የሚል አገር አይደለንም። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር በየቀበሌው ፋኖስ አብርተው ሀሁ የቆጠሩት እናትና አባቶቻችን ናቸው። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች ነበር የተካሄደው። ብዙ ቤት ውስጥ ያኔ የተሰጠው ምስክር ወረቀት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ እኛ ልጆች ሆነን እሱን እያየን ነው ያደግነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለባንኮች፣ ለፋብሪካዎች፣ ለከተማ አስተዳደሮቹ የሰው ኃይል ክፍሎች ነው። «ከዲግሪ በኋላ» የሚለውን አውጡት። በምትኩ ከሥራው ጋር የሚገናኝ ልምድ፣ ከዲግሪ በፊትም ቢሆን፣ በደብዳቤ ከተረጋገጠ ይቆጠራል ብላችሁ ጻፉ። በሙሉ መቁጠር ከከበዳችሁ ግማሹን ቁጠሩ። መመሪያ አይፈቅድም የምትሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መመሪያው እንዲሻሻል ለክልሉ ጻፉ። የግል ድርጅቶች ግን የማንንም ፈቃድ መጠበቅ የለባችሁም፤ ማስታወቂያውን የምትጽፉት እናንተው ናችሁ። ከተጠራጠራችሁ አንድ የወር ሒሳብ ስጧትና ዝጊው በሏት። ከዘጋችው ቅጠሯት።