ቁልፉ እኔ ጋ ነው

ወገኖቼ፣ የቀበሌ ቤት የያዛችሁ፣ የኪራይ ቤቶችን ቤት የያዛችሁ፣ ልጆቻችሁ ወጥተው ክፍሎቹ ብቻ የቀሩላችሁ ሁሉ፣ ዛሬ የምናገረው ለእናንተ ነው። ለራሴም ነው። ቅር ያለው ቅር ይበለው። እኔም እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ።

በእኛ ግቢ ባለ 4 ክፍል የቀበሌ ቤት አለ። ግድግዳው ጭቃ፣ ወለሉ ጣውላ፣ ጣሪያው የዛገ ቆርቆሮ። በ1967 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ ትርፍ ቤት ተብሎ የተወረሰ ነው። ያኔ የወር ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች ሲከፋፈል ይሄኛው ለቀበሌ ደረሰ። ባልና ሚስት ከ6 ልጆቻቸው ጋር ገቡበት። ለ8 ሰው 4 ክፍል። ማንም ትርፍ ነው አላለም፤ አልነበረምም።

ባልየው ሞቱ። ልጆቹ አንድ በአንድ ወጡ። ሁለቱ ውጭ አገር ናቸው፣ ሌሎቹም እዚሁ ከተማ የራሳቸው ቤት አላቸው። ሚስትየዋ፣ እትዬ የምንላቸው፣ ከአንዲት ድመት ጋር ቀሩ።

ከዚያው ቤት ጀርባ ተለጥፋ የተሠራች አንዲት ክፍል አለች። ድሮ ሰርቪስ ነበረች። 4 ሜትር በ3 ሜትር። ባል፣ ሚስት፣ 4 ልጆችና የባልየው እናት ይኖሩባታል። ቆጥ ሠርተዋል። ልጆቹ ማታ ማታ በመሰላል ይወጡና ከቆርቆሮው ሥር ይደረደራሉ። ትልቁ ልጅ 12ኛ ክፍል ነው። ቆጡ ላይ ቀና ብሎ መቀመጥ አይችልም፤ ጭንቅላቱ ቆርቆሮውን ይመታል። በሆዱ ተኝቶ ነው የሚያጠናው።

ቤት እንቀያየር የሚለውን ሐሳብ ያመጡት እትዬ ራሳቸው ናቸው። ይሄን ልብ በሉልኝ። ማንም አልገፋቸውም። አንድ ቀን ቡና እየጠጣን፣ «እኔ ይሄን ሁሉ ክፍል መጥረግ አቅቶኛል» አሉ። «ጉልበቴ አልታዘዝ ብሏል። በዘነበ ቁጥር ባልዲ ይዤ ከክፍል ክፍል መሮጥ ነው። ልጆቹ ወደዚህ ይምጡና እኔ የነሱን ልያዝ። ግቢዬ ያው ግቢዬ፣ እድሬ ያው እድሬ።» የልጆቹ እናት ሲኒውን እንደያዘች አለቀሰች። በማግስቱ ወረዳ ሄደው ጠየቁ። ሁለታችሁም የፈረማችሁበት ማመልከቻ አምጡ ተባሉ። ማመልከቻው ተጻፈ። እትዬ አሻራቸውን አኖሩበት።

ይሄኔ ልጆቻቸው መጡ። ለዓመት በዓል ዞር ብለው የማያውቁት ሳይቀሩ መጡ። «የአባታችንን ቤት!» አሉ። የአባታቸው የነበረበት አንድም ቀን የለም። የመንግሥት ቤት ነው፤ የመንግሥት ማለት ደግሞ የቆጡ ልጅም ድርሻ አለበት ማለት ነው። የእትዬ ትልቅ ልጅ፣ «ሰፈሩ ነገ ሲፈርስ በ4 ክፍልና በአንዲት ጎጆ የሚሰጠን ምትክ እኩል ነው?» ብሎ ጠየቀ። እናትየው ፊቱ ቁጭ ብለዋል። እሱ ስለ መፍረስ ያሰላል።

ሽማግሌ ተጠራ። አንዱ እኔ ነበርኩ። ጋቢዬን ደርቤ ሄድኩ። ክርክሩ ሲበዛባቸው እትዬ ወደ እኔ ዞሩና፣ «አንተ ምን ትላለህ?» አሉኝ። እሳቸው የሚጠብቁትን አውቅ ነበር። እኔ ግን ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «ልጆችዎን ከሚያስቀይሙ፣ እትዬ፣ ነገሩን ለጊዜው ቢያቆዩት» አልኩ። ለጊዜው! በዚህች ቃል ስንቱን ነገር ቀበርነው። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ቡና ተጠጣ፣ ተመራርቀን ወጣን። ማመልከቻው ኮመዲኖ ውስጥ ገባ።

ነሐሴ ላይ ነው። ሌሊት መብራት ጠፍቷል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እትዬ ባልዲ ሊደቅኑ ሲነሱ ኮሪደሩ ላይ ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ። ጮኹ። በእሳቸውና በጎረቤቶቻቸው መካከል 3 ባዶ ክፍል አለ፤ ማን ይስማ? ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ያገኘቻቸው ያቺው የልጆቹ እናት ናት። ትኩስ እንጀራ ልትሰጣቸው መጥታ ነው። ያ ቤት ሰው ቢኖርበት ኖሮ፣ እትዬም ከእነዚያ ልጆች ግድግዳ ሥር ቢሆኑ ኖሮ፣ አንዴ መጥራት በቂ ነበር። እሳቸው ግን እስኪነጋ ጣውላው ላይ ነበሩ።

አሁን ሴት ልጃቸው ጋ ናቸው። አይራመዱም። ቤቱ ተቆልፏል። ትልቁ ልጃቸው ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ። «ጋሼ፣ አልፎ አልፎ አየር ያስገቡበት። ሰው ያለበት ይምሰል» አለኝ። ሰው ያለበት ይምሰል! ሰዎቹ እኮ ከግድግዳው ወዲያ 7 ሆነው ተፋፍገዋል። እኔም ቁልፉን ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩ። በየ15 ቀኑ እከፍታለሁ። እትዬ የደቀኗቸው ባልዲዎች ሞልተው ይጠብቁኛል። እነሱን እደፋለሁ፣ መልሼ እደቅናለሁ፣ እቆልፋለሁ።

«የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» የሚል ተረት ያለን ሕዝብ ነን። ደህና አድርገን ሠራንበት። ለዚህ ቤት ኪራይ በወር 28 ብር ይከፈላል። 28 ብር! በ28 ብር 4 ክፍል ቆልፎ ማስቀመጥ ማንን ያስጨንቃል? ክፍሎቹን በሺዎች ለደባል የሚያከራየውም አለ። ከአገር የወጣ ልጁን ስም ከማኅደሩ የማያስፍቀውም አለ። እነሱን ለጊዜው ልተዋቸው፤ ይኸው ደግሞ «ለጊዜው» አልኩ።

በ1997 አዲስ አበባ ላይ ለኮንዶሚኒየም ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። በ2005 እንደገና ሲመዘገብ ቁጥሩ ከ900 ሺህ አለፈ። አዲስ ፎቅ መሥራት ዓመታት ይፈጃል። የተሠራውና የተቆለፈው ክፍል ግን ዛሬም አለ።

አሮጊት ይፈናቀል አላልኩም። እሱን የሚል ካለ መጀመሪያ የምጣላው እኔ ነኝ። እንግሊዞች በፈረንጅ 2013 አንድ ትርፍ መኝታ ቤት ያለው ተከራይ የኪራዩ 14 በመቶ፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ያለው 25 በመቶ ከኪራይ ድጎማው እንዲቀነስበት አደረጉ። ጡረተኞችን አልነኩም። ቢሆንም ብዙው ሰው ልቀቅ ሲባል የሚገባበት ትንሽ ቤት አጣና ቅጣቱን እየከፈለ ተቀመጠ። እኛ ዘንድ እንዲህ አይሁን። ቤት የምታስተዳድሩ ሹማምንት፣ በፈቃዱ ወደ ትንሽ ቤት የሚዛወረውን ሰው ጣሪያውን አድሱለት፣ ዕቃውን አጓጉዙለት፣ መብቱ እንደማይነካ በማኅተም ጽፋችሁ ስጡት። ከሰፈሩና ከእድሩ አትንቀሉት። ሰው የሚፈራው ጥበቱን ብቻ አይደለም፤ አንዴ ከለቀቅኩ ሜዳ ላይ እቀራለሁ ብሎ ነው።

እናንተ ደግሞ እግራችሁ ሳይከዳችሁ፣ ልጆቻችሁ ተሰብስበው ሳያሰሉባችሁ፣ ራሳችሁ ወስኑ። እትዬ ወስነው ነበር። ያስቆምናቸው እኛ ነን።

እኛ ስል እኔ ማለቴ ነው። የእኔም ቤት የቀበሌ ነው፤ 3 ክፍል። ልጃችን አግብታ ከወጣች 9 ዓመቷ ነው። ክፍሏ በካርቶን ተሞልቷል። ውስጡ ምን እንዳለ ባለቤቴም እኔም አናውቅም። በዚያ ሽምግልና ላይ አፌን የያዘኝ የእትዬ ልጆች ቁጣ አልነበረም። «የእትዬ ቤት ዛሬ ከተቀየረ ነገ ዓይኑ ሁሉ ወደ እኔ ይዞራል» ብዬ ነው። ይሄን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ባለፈው ወር ባልዲ ልደፋ ስገባ የቆጡ ልጅ ተከተለኝና በር ላይ ቆመ። «ጋሼ፣ እስኪዘጉት ድረስ ጠረጴዛው ላይ ላጥና?» አለኝ። «የሰው ቤት ነው፣ ልጄ» ብዬ ቆለፍኩ። ምንም አላለም። ደብተሩን አጥፎ ሄደ።

ቅዳሜ ካርቶኖቹን አወጣን። ግማሹ የተበላሸ ካሴትና የልጃችን የድሮ ደብተር ነው። አሁን ልጁ እኛ ጋ እስከ ማታ 4 ሰዓት ያጠናል። ቀና ብሎ ይቀመጣል። ለእትዬ ትልቅ ልጅም ደውዬ ስለ ማመልከቻው አነሳሁበት። «እናስብበታለን፣ ጋሼ» አለኝ። ወረቀቱ ግን አሁንም ኮመዲኖው ውስጥ አለ፤ አይቼዋለሁ፣ የእትዬ አሻራ አልደበዘዘም። እሑድ ደግሜ እደውላለሁ።