አንድ ግቢ፣ አንድ ቤት፣ አንድ ምድጃ

በአሜሪካ ከተሞች ሰሞኑን ቤት ለቤት የሚዞረውን ወረቀት ያላየ ያለ አይመስለኝም። የከተማው ምክር ቤት በአንድ ቦታ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ቤት መሥራት ይቻላል ብሎ ድምፅ በሰጠ በሳምንቱ በር ይንኳኳል። አንኳኪው ጨዋ ሰው ነው። በአንድ እጁ ኬክ፣ በሌላው ጎረቤቶች በየቦታቸው ከአንድ ቤት በላይ ላለመሥራት የሚፈራረሙበትን አራት ገጽ ውል ይዟል። «ሰፈራችንን እንጠብቅ ብለን ነው» ይላል። ከማን እንደሚጠበቅ ግን አይናገርም፤ ቤት ከሚፈልግ ሰው ነው።

እነዚህን ሰዎች የሚያማ ሁሉ ውለታ የማያውቅ ነው። እስቲ ለነፃነት ያላቸውን ፍቅር ተመልከቱ። «በገዛ መሬቴ ላይ መንግሥት ምን አገባው!» እያሉ በየስብሰባው ጠረጴዛ የሚደበድቡት እነሱ አይደሉም? ማታ ደግሞ ሳሎን ተሰብስበው ጎረቤት በገዛ መሬቱ ላይ ምን እንዳይሠራ ያረቅቃሉ። ይሄ እርስ በርሱ የሚጋጭ የሚመስለው ላልበሰለ ሰው ነው። ነፃነቱ የእነሱ ነው፣ መሬቱ የጎረቤት። የሥራ ክፍፍል ይባላል።

አርቆ አስተዋይነታቸውስ? «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው አህያ ምስኪን ነበረች፤ ፊርማ የሚያረጋግጥላት ኖተሪ አላገኘችም። የእኛዎቹ ግን አግኝተዋል። ገዳቢ ውል የሚባለው ነገር ፈራሚው ቢሸጥ፣ ቢሰደድ፣ ቢሞት ከመሬቱ ጋር ይቀራል። አንዴ የካውንቲው፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ መዝገብ ቤት ከገባ ቤቱን ኋላ የሚገዛ ሁሉ፣ አነበበውም አላነበበውም፣ ይታሰርበታል። የተለመደው ዕድሜው 25 ወይም 30 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ የባለቤቶቹ አብላጫ ፈርሞ ካላስቆመው በየ10 ዓመቱ ራሱን ያድሳል። ገና ያልተወለደ ሰው ጓሮው ውስጥ ምን መሥራት እንደማይችል ዛሬ ተወስኖለታል። ከዚህ በላይ ለትውልድ ማሰብ ከየት ይመጣል?

የቴክሳሷን ኦስቲን እንይ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ምክር ቤቱ በ2023 መጨረሻ በአንድ ቦታ ላይ እስከ ሦስት ቤት ፈቀደ፤ በ2024 ደግሞ የቦታን ዝቅተኛ ስፋት ከ5,750 ስኩዌር ፊት ወደ 1,800 አወረደ። ይሁን እንጂ ከተማው ግለሰቦች እርስ በርስ የተፈራረሙትን ውል አይሽርም፤ የግንባታ ፈቃድ በእጁ የያዘ ሰው ጎረቤቱ ከስሶት ፍርድ ቤት ሊገተር ይችላል። ሌላዋ የቴክሳስ ከተማ ሂውስተን ደግሞ ትብሳለች። ዞኒንግ፣ ማለትም የት ምን ይሠራ የሚል የከተማ ደንብ፣ የሌላት እየተባለች የምትወደሰው ከተማ፣ የሰፈር ውል ሲጣስ የራሷን ጠበቆች ልካ ትከሳለች። በግብር ከፋዩ ገንዘብ የሚቀጠር ጠበቃ ለግል ውል! በ1998 ከ610 ቀለበት መንገድ ውስጥ ላለው የከተማዋ ክፍል፣ ሁኔታዎቹን ካሟላ የቦታ ስፋት እስከ 1,400 ስኩዌር ፊት ዝቅ እንዲል ስትፈቅድ ቀጫጭን ቤቶች በብዛት የበቀሉት ውል በማይከለክልበት ሰፈር ነው። ውሉ ጠበቅ ባለበት ያው ሣር ይታጨዳል።

ሞያው ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ውሉ ላይ የመንገድ አድራሻ ብቻ ጽፎ የሄደ ሰፈር ገና ሳይጀምር ተሰናክሏል፤ የቦታው ቁጥርና ብሎኩ በተመዘገበው ፕላን ላይ እንዳለው መስፈር አለበት። ቤቱ በባልና ሚስት ስም ከሆነ ሁለቱም ኖተሪ ፊት ቀርበው ይፈርማሉ፤ ባል ብቻ የፈረመበት ወረቀት ነገ ለተከሳሽ ጠበቃ ሠርግና ምላሽ ነው። ያልፈረመ ሰው ደግሞ በውሉ አይታሰርም። ከ40 ቤት 31ዱ ቢፈርሙ ዘጠኙ ነፃ ናቸው፣ አልሚውም የሚሄደው ወደ እነዚያ ነው። ኬኩን በልቶ አልፈርምም ያለው ጎረቤት የቦታው ዋጋ ቢወደድለት ፈራሚዎቹን ሊያመሰግን ይገባል።

ባንኩን የሚረሱት ግን ያሳዝኑኛል። የቤት ብድሩ ከውሉ ቀድሞ የተመዘገበ ከሆነ፣ ባንኩም ለውሉ ቅድሚያ እሰጣለሁ ብሎ ካልፈረመ፣ ቤቱ በዕዳ በተሸጠ ቀን ውሉ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። የዘላለም ቃል ወርሃዊ ክፍያ በመቋረጡ ይተናል ማለት ነው። አጻጻፉም የራሱ ጣጣ አለው። «ለመኖሪያ ብቻ» ብሎ መጻፍ የሚያኮራ ይመስላል፤ የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ2018 እንዲህ የሚል ውል ለአጭር ጊዜ ማከራየትን አይከለክልም ብሎ ወስኗል። ከሁሉ የሚከፋው ቸልታ ነው። አምስት ጋራዥ ወደ መኖሪያ ሲቀየር ዝም ያለ ሰፈር ስድስተኛውን ሲከስ «መብታችሁን ትታችሁታል» ሊባል ይችላል። ቴክሳስ ውስጥ ደግሞ ክስ ለማቅረብ ያለው ጊዜ አራት ዓመት ነው። ለዚህ ነው በየአጥሩ ሜትር ይዞ የሚያንጋጥጥ ጎረቤት የሚያስፈልገን። ሥራ ፈት የሚሉት አላወቁትም፤ ውሉን ከሞት የሚያተርፈው እሱ ነው።

የእኔ ተወዳጅ አንቀጽ ግን ስለ ምድጃ የሚለው ነው። በአንድ ቦታ ላይ አንድ መኖሪያ ብቻ ይኑር ከተባለ ሁለተኛው መኖሪያ የቱ ጋ ይጀምራል? አልጋ አይሆንም፤ አልጋ እንግዳም ይተኛበታል። መታጠቢያ ቤት አይሆንም፤ ባለጸጋው ራሱ አራት አለው። ስለዚህ ጠቢባኑ ሲመክሩ ቆይተው ቤት ማለት ምድጃ ነው ይላሉ። ብዙ የከተማ ደንቦችም ሁለተኛ መኖሪያን በማብሰያው ይለዩታል፤ የሰፈሩ ኮሚቴ ግን አንድ እርምጃ ይቀድማል። ምድጃ ምንድነው? ባለ 240 ቮልት ሶኬት ያለበት ነው ይላል አንዱ። ልብስ ማድረቂያውስ? እሱም 240 ነው። እንግዲያው የብሬከር ሳጥኑ ይከፈትና ባለ 40 ወይም ባለ 50 አምፔር ድርብ ብሬከር ይፈለግ። የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀር ያለውስ? ጸጥታ፤ ሊቀመንበሩ መኪና አለዋ። እሺ፣ የጋዝ መስመር ያለበት ይሁን። የሳሎን እሳት ማንደጃውስ? እሺ፣ ምድጃ፣ የዕቃ ማጠቢያ ገንዳና ጭስ መሳቢያ ሦስቱም ባንድ ክፍል ከተገኙ። ማይክሮዌቭስ? ሾርባ የሚያሞቅ ግን የማያበስል ነገር ማብሰያ ነው? በተራ ሶኬት የሚሠራው የእኛ ምጣድስ ወዴት ይመደባል? ጋራዥ ውስጥ 20 እንጀራ የጋገረች እናት በውሉ ትርጉም ቤት አልሠራችም፤ ቤዝመንት ውስጥ ባለ አራት እሳት ምድጃ ያላት እናት ግን፣ አንድ ቀን ለኩሳው ባታውቅም፣ ሰፈሩን አፍርሳለች። ኮሚቴው በዚህ ላይ ሦስት ማታ ቢያድር አልፈርድበትም። የሰፈር ጠባይ በብሬከር ይለካል።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቁም።

ይሄ መሣሪያ ትናንት ምን ሲሠራ እንደነበር የተጻፈ ነገር ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1917 ከተሞች ሰፈርን በዘር የሚከፍል ሕግ ማውጣት አይችሉም ሲል፣ ያንኑ ሥራ የግል ውል ተረከበው። ሴንት ሉዊስ ውስጥ በ1911 ከ39 ባለንብረቶች 30ዎቹ የፈረሙት ውል ጥቁሮችና እስያውያን በዚያ መንገድ ለ50 ዓመት እንዳይኖሩ ይል ነበር። ጥቁር የሆነው የሼሊ ቤተሰብ በ1945 እዚያ ቤት ገዛ፤ ጎረቤት ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1948 ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ውል ሊያስፈጽሙ አይችሉም አለ፤ ፈጽሞ ሕገ ወጥ ለመሆን ግን 1968 መድረስ ነበረበት። ከእነዚያ ውሎች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ሰው ይፈቅዱ ነበር፤ የቤት ሠራተኛ። ልብስ አጥባ፣ ልጅ አሳድጋ፣ ምግብ አብስላ እዚያው ማደር ትችላለች፣ ጎረቤት መሆን ግን አትችልም። ዛሬ ዘር የሚለው ቃል ወጥቶ ስኩዌር ፊት ገብቷል፤ ነርሷ፣ የአውቶቡስ ሾፌሩ፣ አስተማሪዋ ቀን ሰፈሩን አገልግለው ማታ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ይነዳሉ። ይሄን «ጠባይ ጥበቃ» ብሎ መጥራት ዓይን ያወጣ ነውር ነው።

በሉ ወደ ምስጋናችን። የመንግሥት ምቀኝነት ግን ውል ፈራሚዎቹን አላስቀመጣቸውም። ካሊፎርኒያ በ2019 የቤት ባለቤቶች ማኅበር ጓሮ ውስጥ የምትሠራን ትንሽ ቤት ጨርሶ እንዳይከለክል ሕግ አወጣች፤ በ2021 ደግሞ የቤት ብዛት የሚገድብ ውል ሙሉ በሙሉ ለዝቅተኛ ገቢ በሚሠራ ግንባታ ላይ እንዳይጸና አደረገች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ያው በ2021 የወጣው አንድን ቦታ ለሁለት መክፈልን የሚፈቅደው ሕግ የማኅበር ውል ያለባቸውን ሰፈሮች ሳይነካ አለፈ። ኦሪገን በ2019 የቤት ብዛት የሚገድቡ አዳዲስ ውሎችን ስትከለክል አሮጌዎቹን አልነካችም። ቀድሞ የፈረመ ተጠቀመ።

ውሉን ያረቀቀው ጀግና አንድ ቀን ማርጀቱ ግን አይቀርም። ጉልበቱ ሲደክም፣ ደረጃ መውጣት ሲያቅተው፣ ጓሮው ውስጥ አስታማሚ የምታድርበት አንዲት ክፍል ከነማብሰያዋ ያምረዋል። ልጁም ቢሆን በሰፈሩ ዋጋ ቤት መግዛት አቅቶት ሩቅ ነው ያለው። ያኔ ያረቀቀውን ውል አውጥቶ ያነብባል፤ ለማሻሻል የቦታዎቹ 75 በመቶ ፊርማ ያስፈልጋል፣ በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ደግሞ በመዝገብ የሰፈረ ባለቤት ሁሉ። ኬክ ይዞ ይወጣል። አንዱ ቤት የኩባንያ ሆኗል፣ በር የሚከፍት የለም። ሌላው ለአምስት ወራሾች ተላልፏል፤ አራቱ በአራት ግዛት ይኖራሉ፣ አምስተኛዋ ከወንድሞቿ ጋር አትነጋገርም። የእሷ ፊርማ ከሌለ ደግሞ ያ ቦታ አይቆጠርም።