ሐሙስ ማታ የሚመጣ የሆድ ሕመም

ባለፈው ዓመት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባልና ሚስት ለማስታረቅ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ሦስት ሰዓት ሙሉ የቤቱን ዕዳ፣ የመኪናውን ክፍያ፣ ማን ማንን በየትኛው ሰርግ ላይ እንዳዋረደ ስንመረምር፣ የስምንት ዓመቱ ልጃቸው በጎን ባለው ክፍል ቴሌቪዥን ያይ ነበር። ድምፁን አጥፍቶት የነበረው እኛን ለመስማት መሆኑ የገባኝ ተሰናብቼ ጫማዬን ሳስር ነው። ከመካከላችን ግን ስሙን አንድ ጊዜ እንኳ ያነሳ አልነበረም።

እርቁ አልሆነም። አሁን በየሳምንቱ ዓርብ አባትየው ልጁን ከነዳጅ ማደያ ይረከበዋል፤ እናቲቱ ከመኪናዋ አትወርድም። ሐሙስ ማታ ሆዱን ያመዋል። እናቱን አጅቤ በሄድኩበት ቀን ሐኪሟ መርምራ ምንም ስታጣበት፣ በሁለት ቤት መኖር እንዴት እንደሆነ ጠየቀችው። «የአስም መድኃኒቴ ሁልጊዜ ሌላኛው ቤት ነው» አላት። ባለሙያዎቹ እንደሚሉት ልጅን ከፍቺው ይልቅ የሚጎዳው ከፍቺው በኋላም የማይበርደው ጠብ ነው፤ በቃል ሊወጣ ያልቻለ ጭንቀትም በራስ ምታት፣ በሆድ ቁርጠትና በእንቅልፍ ማጣት ይወጣል።

የአሜሪካ ፍርድ ቤት ልጅን እንደ ቀን መቁጠሪያ ሲከፋፍል ያናድደኛል። ሆኖም ሜሪላንድ ውስጥ ዳኛው ካዘዘ፣ የሚፋቱ ወላጆች ፍቺ በልጅ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት እስከ ስድስት ሰዓት የሚደርስ ትምህርት ይከታተላሉ። እኛ ሽማግሌዎቹ ስድስት ደቂቃ አልሰጠነውም!

አገር ቤትም ቢሆን የጎደለው ሕግ አይደለም፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ልጁ ከማን ጋር እንደሚኖር ሲወሰን ዕድሜውና ጥቅሙ እንዲታይ ያዛል። እኛ ግን «ልጅ ምን ያውቃል» ብለን ወደ አያቱ እንልከዋለን። እኔም በስድስት ዓመቴ ደሴ ስላክ፣ አባቴ ለሥራ አሰብ እንደወረደ ነበር የተነገረኝ። አልጋ ላይ መሽናት ስጀምር ብርድ ነው ተብሎ ጠበል ተወሰድኩ፤ እስከ አሥረኛ ክፍል ድረስ ከአሰብ በሚመጣ መኪና ሁሉ ውስጥ አባቴን እፈልግ ነበር። ያም ሆኖ የአያቴ ቤት አንድ ቤት ነበር፤ ጋቢዋ ሥር የሚተኛ ልጅ በየዓርቡ ሻንጣ አያዘጋጅም።

ባለፈው ቅዳሜ ለሌላ ሽምግልና ተጠርቼ ገና ስንቀመጥ፣ ልጆቹ የት እንዳሉ ጠየቅሁ። ሰብሳቢያችን «እሱን ኋላ እንመጣበታለን» አሉኝ። ቡና ቀረበ፤ ወደ ቤቱ ዕዳ ተመለስን።