ቴርሞስታቱን ወደ ቦታው መልሱት

ድሬዳዋ ውስጥ «ሞተሬ ሞቀ» ብሎ ጋራዥ የገባ ሰው ብዙውን ጊዜ አንድ ዕቃ ጎድሎበት ይወጣል። መካኒኩ የራዲያተሩን ጎማ ይፈታል፣ ጎማው የተሰካበትን ክዳን ብሎኖች ያላላል፣ ከውስጡም መሃሏ ላይ ሞላ ያላት አንዲት ክብ ብረት፣ ቴርሞስታቷን፣ ያወጣል። «አቦ፣ ያፈነችህ ይቺ ናት። ለፈረንጅ ብርድ የተሠራች ዕቃ ለድሬ ሐሩር ምን ታደርግልሃለች?» ይላል። ባለመኪናውም ይስማማል። ክዳኑ ይመለሳል፣ ከቧንቧ ውሃ ይሞላል፣ ሒሳብ ይከፈላል፤ ቴርሞስታቱ ግን እዚያው መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

ነገሩ ከሳቢያን ሰፈር እስከ ከዚራ ሰፈር የተለመደ ስለሆነ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔ ግን ዛሬ ለያዝናቸው መኪኖች ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል ባይ ነኝ። ሙቀቱንም ቢሆን ብዙ ጊዜ ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም።

በቴርሞስታት ውስጥ ሰም አለ። የሞተሩ ውሃ ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ያብጣል፣ ዘንጉን ይገፋል፣ በሩም ይከፈታል። የሚከፈትበት ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ ላዩ ላይ ተቀርጿል፤ በብዙዎቹ የቤት መኪኖች ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ነው። ከዚያ በታች ሲሆን ውሃው ወደ ራዲያተር ሳይወጣ ሞተሩ ውስጥ ይዞራል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ወደ ራዲያተር ይለቀቃል። ስለዚህ የድሬ አየር 35 ዲግሪ ሆነ የሐረር 15፣ ለቴርሞስታቱ ደንታው አይደለም። የሚያውቀው የሞተሩን ውሃ ብቻ ነው፤ ውሃው ሲሞቅ ተከፍቶ መንገድ ይለቃል። ጤነኛ ቴርሞስታት ሐሩር አገር ውስጥ ሞተር የሚያፍንበት ምክንያት የለውም።

ማውለቁ ጭራሽ ሞተሩን የሚያሞቅበትም አጋጣሚ አለ። በብዙ ሞተሮች፣ የቶዮታ ናፍጣዎችን ጨምሮ፣ ቴርሞስታቱ ከሥሩ ሁለተኛ ትንሽ ሳህን አለችው። ዋናው በር ሲከፈት ይህች ሳህን ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተር የሚመለስበትን አቋራጭ ትዘጋለች። ዕቃው ሲወልቅ አቋራጩ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ከጋለው ውሃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል። ሜዳ ላይ አይታወቅም። ቤተሰብና ሻንጣ ተጭኖ ከድሬ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ሲወጡ ግን ይታወቃል፤ ያኔ መካኒኩ «ራዲያተሩ ደክሟል» ብሎ ሌላ ወጪ ያዛል።

ሜዳ ላይ የሚሆነው ተቃራኒው ነው፤ ሞተሩ መሞቅ ያቅተዋል። ባለመኪናውን የሚያስደስተውም ይኸው ነው። ችግሩ የዛሬ ሞተር ቤንዚን የሚመጥነው በኮምፒውተር መሆኑ ነው፤ ኮምፒውተሩም የውሃውን ሙቀት ከሴንሰር ያነባል። ውሃው በቂ ሙቀት ካልያዘ ሞተሩ ገና ጠዋት እንደተነሳ ይቆጥርና ቤንዚን ይጨምራል። ሳይቃጠል የተረፈው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት እያጠበ ይወርዳል፣ ከሞተር ዘይቱ ጋርም ይቀላቀላል። ዘይቱ ራሱ በደንብ ስለማይግል የያዘው እርጥበት አይተንም። «ቤንዚን በላች፣ ካንዴላ ታጠቁራለች፣ ዘይቷ ቶሎ ይቀጥናል» የሚለው እሮሮ አንዳንዴ የሚነሳው ከዚያች መደርደሪያ ላይ ከቀረችው ብረት ነው። የሞተር መብራት በርቶ በማሽን ሲነበብ ፒ0128 የሚል ኮድ ከወጣ፣ የሞተሩ ውሃ ሊደርስበት የሚገባው ሙቀት ላይ አልደረሰም ማለት ነው። ይህን ኮድ አይቶ ቴርሞስታቱን ሳያስፈትሽ ሴንሰር የሚያስቀይር ሰው ገንዘቡን በከንቱ ሊያወጣ ይችላል።

ልማዱ ቤንዚን ያለ ኮምፒውተር በካርቡሬተር ይመጠን ከነበረበት ዘመን የተረፈ ይመስለኛል። የሐረር ታክሲ ሆነው ስንት ዓመት ያገለገሉት ፔጆ 404ዎች ኮምፒውተር የላቸውም፤ ቴርሞስታታቸው ቢወልቅ ሾፌሩ የጎላ ለውጥ አያይም። የፈረንሳይ መሐንዲሶች ግን ነገሩን ንቀውት አልነበረም። 404 ውሃው ሲቀዘቅዝ ማራገቢያውን የሚያላቅቅ፣ ሲሞቅ መልሶ የሚያያይዝ መሣሪያ ነበረው፤ ያውም ብዙ መኪኖች ሞተር እስካልጠፋ ድረስ ማራገቢያቸውን በሚያዞሩበት ጊዜ። ያው መኪና የምሥራቅ አፍሪካን የሳፋሪ ራሊ እ.ኤ.አ. በ1963 እና ከ1966 እስከ 1968 በተከታታይ አሸንፏል። ሐሩርን የተቋቋመው ሙቀቱ በልክ ተይዞለት ነው። በእሱ ላይ የተለመደውን የማውለቅ ዘዴ እንዳለ ወደ ቪትዝና ኮሮላ ማምጣት አልነበረብንም።

መካኒኩን ብቻ መውቀስ ደግሞ ደግ አይደለም። ያረጀ ቴርሞስታት ተዘግቶ ሊቀር ይችላል፤ ያኔ ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈላል። ገበያ ላይ ያለው መለዋወጫ ከኦሪጅናሉ ቅጂው ይበዛል። ደንበኛው መኪናውን ከቀትር በፊት ይፈልጋል፤ በርጫ (የጫት ሰዓት) ከተጀመረ በኋላ ማን ብሎን ይፈታል? በዚህ ሁሉ መሃል ማውለቅ ነጻ ነው፣ ዋስትናም አለው፤ የሌለ በር አይዘጋም። መንገድ ላይ ተቸግሮ ቤቱ ለመግባት ያወለቀ ሰው አልተሳሳተም። የምወቅሰው ቤቱ ከገባ በኋላ ዓመት ሙሉ እንዲሁ የሚነዳውን ባለመኪና ነው።

ታዲያ የድሬ መኪና ለምን ይሞቃል? ከሁሉ በፊት የምጠረጥረው ከቧንቧ የምንሞላውን ውሃ ነው። የከተማችን ውሃ ከጉድጓድ የሚወጣ፣ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ያለፈ ውሃ ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት የማያውቅ የድሬ ቤት የለም። ያ ቅርፊት በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎችና በቴስታታው (በሞተሩ የላይኛው ክፍል) የውሃ መንገዶች ውስጥም ይጋገራል፤ ሙቀት አላሳልፍ ይላል፣ ቱቦ ያጠብባል። ብረቱና አልሙኒየሙም በተራ ውሃ ይበላሉ። በውሃ ፈንታ የሚሞላውን የማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ኩላንትን፣ «በረዶ በሌለበት አገር ምን ይሠራል?» የሚል ሰው ሞልቷል። ኩላንት ከመቀዝቀዝ ማዳኑን እርሱት፤ ዝገት ይከላከላል፣ ውሃው የሚፈላበትን ሙቀትም ከፍ ያደርጋል። ለእኛ የሚበቃን ይሄ ነው።

አረንጓዴ ቀለም የተነከረ ውሃም ኩላንት ተብሎ ሊሸጥ ስለሚችል በቀለሙ አትመኑ። የተለያዩ ዓይነቶችን አትደባልቁ። የቶዮታ ሮዙ ኩላንት ተበጥብጦ ያለቀ ነው፣ ውሃ አይጨመርበትም፤ በፋብሪካው መመሪያ መጀመሪያ በ160,000፣ ከዚያ በየ80,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። ያልተበጠበጠውን ወፍራም ኩላንት ገዝቶ የሚበጠብጥ ሰው የባትሪ ውሃ ይጠቀም፤ አሲዱን ሳይሆን ንጹሑን። የፈሰሰውን ደግሞ እጠቡት፤ ጣፋጭ መርዝ ነው፣ የሰፈር ፍየል ይልሰዋል።

ቀጥሎ የምጠረጥረው የራዲያተር ክዳን ነው፤ በእኔ አስተያየት ከቴርሞስታቱም በላይ የተበደለ ዕቃ እሱ ነው። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ግድም ላይ ስለሆነች ክፍት ድስት ላይ ውሃ የሚፈላው 96 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሐረር፣ ከዚያ 700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፣ 94 ዲግሪ ግድም ላይ ይፈላል። ሞተር ደግሞ ዳገት ላይ 100 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው። ላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ፣ የሚይዘው ግፊት ነው፣ በባር (የግፊት መለኪያ) ግድም። ጤነኛ የ0.9 ክዳን ተራውን ውሃ እንኳ ድሬ ላይ እስከ 116 ዲግሪ ግድም ሳይፈላ ያቆየዋል። ላስቲኩ ደርቆ የተሰነጠቀ ክዳን ይህን ሁሉ ይነጥቃል። ስንቱ መኪና በክዳን ምክንያት ፈልቶ በቴርሞስታቱ ተፈርዶበታል!

የራዲያተሩ ክንፎች በአቧራ መደፈናቸውን፣ ማራገቢያው በሽቦ በቀጥታ ተያይዞ የራሱ ሞተር እስኪቃጠል መዞሩን፣ የማራገቢያው የፕላስቲክ ከለላ «ቦታ ያጣብባል» ተብሎ መነሳቱን ሁሉም ያውቀዋል። ከለላው ግን ነፋሱ በራዲያተሩ ሁሉ በኩል እንዲሳብ የሚያደርግ ስለሆነ ይመለስ። ወደ ሐረማያ 800 ሜትር ያህል ከፍታ የሚወጣ፣ ያውም አብዛኛውን እስከ ደንገጎ ባለው ጠመዝማዛ የሚጨርስ መኪና፣ ያለችውን ነፋስ ሁሉ ይፈልጋል። ዳገቱ ላይ ኤሲ ማጥፋትም ይረዳል፤ የኤሲው ራዲያተር ከዋናው ፊት ተቀምጦ የጋለ አየር ስለሚያቀብለው።

ማሻሻያ ሲባል ቸርኬና ትልቅ ስክሪን የሚታያቸው ወዳጆቼ ይቅር ይበሉኝና፣ ድሬ ላይ ከሁሉ በፊት የሚገዛው የሙቀት ቁጥር የሚያሳይ ነገር ነው። ብዙ ቪትዝና ያሪስ የሙቀት ጌጅ የላቸውም፤ ሲቀዘቅዝ ሰማያዊ፣ ሲፈላ ቀይ መብራት ብቻ። ቀዩ ሲበራ ብዙ ጊዜ ነገሩ አልፏል። ከመሪው ሥር ባለው ሶኬት ተሰክታ በብሉቱዝ ስልክ ላይ የምታሳይ ትንሽ የኦቢዲ (የመኪናውን ኮምፒውተር የምታነብ) መሣሪያ የውሃውን ሙቀት በቁጥር ትነግራችኋለች። ከ85 እስከ 95 መካከል ከዋለ ሰላም ነው። 105 ሲያልፍ ኤሲ አጥፉ፣ እግራችሁን ከቤንዚኑ አንሱ፤ ወደ 110 ከተጠጋ ጥግ ያዙ። ክዳኑን ግን እስኪበርድ እንዳትነኩት። መሣሪያው የሌለው ሰው ሰማያዊዋን መብራት ይይ፦ በድሬ ቀትር ረጅም መንገድ ተነድቶ ካልጠፋች፣ ወይ ቴርሞስታቱ ክፍት ሆኖ ቀርቷል፣ ወይ ከነጭራሹ የለም።

ቴርሞስታትን ቤት ውስጥ መፈተሽ ይቻላል። ድስት ውስጥ በክር አንጠልጥላችሁ ውሃውን አሙቁ፤ የድሬ ውሃ 96 ላይ ቢፈላም 82ም ሆነ 88 የተጻፈበትን ለመክፈት ይበቃል። ፈልቶ ካልተከፈተ፣ ወይም ወጥቶ ቀዝቅዞ ካልተዘጋ፣ ይጣል። አዲሱ ሲገጠም አየር የምታሳልፈው ትንሽ ፒን መመሪያው በሚያዘው አቅጣጫ፣ ብዙ ጊዜ ወደ ላይ፣ ትሁን፤ ማሸጊያ ጎማው ይቀየር፣ አየሩም በደንብ ይውጣ።

ይህ ሁሉ ጭንቀት ለአንዲት ብረት ነው ወይ የሚል አይጠፋም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ከለከለ። አሁን ግቢያችን ውስጥ የቆመችውን ሞተር በቀላሉ የምንተካበት ዘመን አይደለም። ቴስታታ ተጣሞ ቶርኖ ቤት የገባበት ሰው ሒሳቡን ያውቀዋል።

ያገለገለ መኪና ልትገዙ ስትሄዱ ሻጩ «ሙቀት አታውቅም፣ ቴርሞስታቷን አስወልቄላታለሁ» ቢላችሁ አትደሰቱ። ለምን እንደወለቀ ጠይቁ፣ የራዲያተሩን ክዳን (ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ) ከፍታችሁ ውሃው ዝገት መያዙን እዩ፣ የዘይት ክዳኑ ሥር ወተት የመሰለ ዝቃጭ መኖሩን ተመልከቱ። ከዚያ ዋጋውን አስቀንሱ።